ጆሮዋን የነካችው የትኛዋ ነበረች?

የኒም ዛፍ በጠዋት ውሃ ሲጠጣ፣ አቧራውና ቅጠሉ ተደባልቀው የሚሰጡት መራራ ሽታ አለ። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር የኖረ ሰው ያውቀዋል። ባለፈው ቅዳሜ ደጄ ላይ የቆመውን ዛፍ እያጠጣሁ ያ ሽታ ሲመጣብኝ፣ እንደ ልማዴ ባልዲዬን እንደያዝኩ ወደ ድሮ ነጎድኩ። ለእኔ ይሄ የምዝገባ ሰሞን ሽታ ነው። ሰላሳ ምናምን ዓመት ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንዲህ ያሉ ዛፎች ነበሩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዘበኛው ሥራቸውን ያጠጣና ከጥላቸው ሥር ለእኔ ጠረጴዛና ወንበር ያወጣልኝ ነበር። ከዚያ በሩ ይከፈታል፤ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይገባሉ።

ዘመኑን በትክክል ንገረን አትበሉኝ። መንግሥት ከመለወጡ በፊት ይሁን ከተለወጠ በኋላ፣ ሚስቴን ሳላገባ ይሁን ካገባሁ ወዲህ፣ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም አሁን አሁን ይደበላለቅብኛል። ዋጋውን ግን ጠይቁኝ። ጋሪ ከከዚራ ተነሥቶ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ድረስ በአሥር ሳንቲም ይወስድ ነበር። ዛሬ ባጃጅ ነጂው ለዚያው መንገድ የሚጠራልኝን ሒሳብ ስሰማ ፈረሱ ይናፍቀኛል። በስሙኒ ፉል በዳቦ በልቶ ጠግቦ መውጣት ይቻል ነበር። ሽልንግ የያዘ ደግሞ ጌታ ነው፤ ከፉሉ በኋላ ጣፋጭ ሙሸበክ ይጨምርበታል፣ ከሙሸበኩ በኋላ ሲኒማ ይገባል። የህንድ ፊልም የመጣ ሳምንት የከተማው ልጅ ሁሉ የማያውቀውን ቋንቋ እየዘፈነ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ቀስ ብዬ አብሬ አዜማለሁ። እኔ ያኔ ወደል አፍሮ ነበረኝ ብላችሁ ታምናላችሁ? አሁን የቀረኝን ያየ አያምንም። ጫፉ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ፣ ደረቱ የተከፈተ ቴትሮን ሸሚዝ፣ እጄ ላይ ደግሞ አባቴ ከምድር ባቡር ጡረታ ሲወጣ ያወረሰኝ ትልቅ ሰዓት። ከምሳ በኋላ ከተማው ሽርጡን ታጥቆ ይጋደማል፤ ከየሻይ ቤቱ የሶማሊኛ ካሴት ይሰማል። ፀሐይዋ በረድ እስክትል ሰው መንገድ ላይ አታገኙም።

ምዝገባው ግን ጠዋት ነው። ያኔ የልደት ካርድ ብሎ ነገር የለም። "ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?" ብዬ ስጠይቅ እናትየው "ጎርፉ የመጣ ጊዜ ነው የተወለደው" ትለኛለች። የትኛው ጎርፍ? እሱን እሷም አታውቅም። ስለዚህ ልኬቱ ጆሮ ነበር። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ይነካል። ከነካ ለትምህርት ደርሷል፣ ስሙ ይጻፋል። ካልነካ "በሚቀጥለው ዓመት ይምጣ" ነው። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ፤ ለምን እንደማስቀድም ግን እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ አስቤበት አላውቅም።

ከዚያ ሁሉ ልጅ መሀል አንዷን አልረሳኋትም። ማለቴ፣ አልረሳኋትም ብዬ ነበር። አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ከሰው ፊት ላይ የማይነቀል የሶማሌ ልጅ። እናቷ ፋጡማ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጥ ነበር። ልጅቷ እጇን በአናቷ ላይ አሻገረች፣ ተንጠራራች፣ አንዲት ጣት ቀራት። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ ቀረች። አንጀቴን በላችው። ርዕሰ መምህሩ እንዳላየኝ አረጋገጥኩና ክርኗን በቀስታ ገፋ አድርጌ ጣቷን ጆሮዋ ላይ አሳረፍኩት። "ነካች!" ብዬ ስሟን ጻፍኩ። ያቺ ልጅ ኢፍራህ ናት።

ኢፍራህን ለማታውቁ፣ ሦስት ልብ ወለድ የጻፈች፣ ቀጥላም ካሜራ አንሥታ ፊልም መሥራት የጀመረች የድሬ ልጅ ናት። መጽሐፏም ፊልሟም ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ላይ ነው የሚያርፈው፤ ከትምህርት ቤት በር ላይ የተመለሱ ልጆች። ፊልሟን ተሸክማ ወረዳ ለወረዳ ትዞራለች፣ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥራ ታሳያለች፣ ከዚያ ባለሥልጣኑን እዚያው ሕዝብ ፊት "እነዚህ ልጆች መቼ ነው የሚገቡት?" ብላ ታፋጥጣለች። በቴሌቪዥን ባየኋት ቁጥር ደረቴ ይነፋል። ይህን ሁሉ ዘመን በየበርጫው፣ በየለቅሶው፣ በየሰርጉ ያቺን ጣት ሳወራ ኖሬያለሁ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ያቺ ጣት ባትኖር ምን ልታወራ ነበር?" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር አልሠራሁም።

እንግዲህ ቅዳሜ ባልዲዬን ይዤ እዚህ ሐሳብ ላይ እያለሁ አንድ ባጃጅ ደጄ ቆመ። መነጽር ያደረገች፣ ሰፊ ቀሚስ የለበሰች፣ ትከሻዋ ላይ ከባድ ጥቁር ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት ወረደች።

"ጋሼ ጌታቸው፣ አወቁኝ?"

"ኢፍራህ!" ብዬ ባልዲውን ለቀቅኩት፤ ውሃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

"አወቁኝ" ስትል ትንሽ ገረመኝ። ድሬ ላይ ያደገ ሰው አንቱታ አያበዛም፤ እዚህ ሽማግሌውም ሕፃኑም "አንተ" ነው፣ ማንም አይቀየምም። አዲስ አበባ ብዙ እንደቆየች ከአነጋገሯ ተረዳሁ። ሻይ አቀረብኩላት። ስለ ምዝገባ ዘመን ፊልም እየሠራች እንደሆነ፣ የድሮ አስተማሪዎችን እንደምታነጋግር ነገረችኝ። ካሜራዋን በሦስት እግር ላይ አቆመች። እኔ ደግሞ መለመን አያስፈልገኝም፤ ሸሚዜን ቀይሬ መጣሁና ስለ ጣቷ ጀመርኩላት። ዛፉን፣ ጠረጴዛውን፣ አረንጓዴውን ሻሽ፣ ክርኑን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ካሜራውን አጠፋችው።

"ጋሼ፣ ይህን ታሪክ ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ግን እኔ አይደለሁም" አለችኝ።

"እንዴት አንቺ አይደለሽም?"

"የእኔን ክርን ማንም አልገፋውም። ራሴ ነኝ የነካሁት። አንድ ጣት የቀራት ሳህራ ናት።"

"ሳህራ ደግሞ ማናት?"

መልሱን የማውቀው መስሏት ነበር መሰለኝ።

"መንትያዬ ናት። አብረን ነው የመጣነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰልፍ፣ አንድ ዓይነት ሻሽ አስረን። እርስዎ እኔን ጻፉኝ። እሷን 'በሚቀጥለው ዓመት ትምጣ' አሏት።"

መንትያ! እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። ግራ ገባኝ ስል እንዲሁ ለወጉ አይደለም፤ የተቀመጥኩበት ወንበር የሰው ወንበር መሰለኝ። "ቆይ እስቲ፣ በአንድ ቀን የተወለዱ ልጆች እንዴት አንዷ ደርሳ አንዷ ትቀራለች?" አልኳት፤ ጥፋቱ የእሷ ይመስል ጮክ ብዬ።

"እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ነው የምጠይቀው" አለች። "እናቴ ለምዝገባው አምሮብን እንድንቀርብ ብላ ወፍራም ሹሩባ ሠራችን። ላዩ ላይ አዲስ ሻሽ ደራርባ አሰረችልን። ሰልፉ ላይ ስንጋፋ የእኔ ወለቀ። የሳህራ አልወለቀም። ወንዶቹ ደግሞ ተላጭተው ነው የሚመጡት። እርስዎ የሚለኩት ዕድሜ አልነበረም ጋሼ፤ ጸጉርና ጨርቅ ነው።"

አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ስንት ዓመት ለካሁ? በየዓመቱ ስንት ሴት ልጅ ከነሻሿ፣ ከነሹሩባዋ እፊቴ ቆማ ተንጠራራች? አንድም ቀን "ሻሽሽን አውልቂ" ያልኩ አይመስለኝም። ነውርም ይመስለኝ ነበር፣ የሰው ልጅ ሻሽ ማስወለቅ። ወይስ ብዬ አውቃለሁ? አሁን ሳስበው ያልኩ ይመስለኛል፤ ቀጥሎ ደግሞ እንዳልኩ እንዲመስለኝ ስለፈለግኩ ይሆን እላለሁ። ክርኑን ግን እጄ ያስታውሰዋል። ትንሽ፣ ሹል ክርን ነው፤ መዳፌ ላይ አለ። ታዲያ ያ ክርን የማን ነው? የሌላ ልጅ ይሆን? ወይስ ኢፍራህ ስሟ ሲጠራ ጊዜ ነው ክርኑ መዳፌ ላይ የበቀለው? ከመጀመሪያው መጽሐፏ በፊት ይህን ታሪክ ያወራሁለት ሰው እንዳለ አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ አንድም ሰው ሊመጣልኝ አልቻለም። ሚስቴ ብትኖር ትነግረኝ ነበር።

"ልከስዎት አልመጣሁም" አለች ኢፍራህ፣ ፊቴ ተለዋውጦ መሆን አለበት። "ፊልሙ ውስጥ የተመለሰችው ልጅ አለች፤ የመለሳት ሰው የለም። በየሄድኩበት ሁሉም አስተማሪ የሚያወራኝ ስላስገባው ልጅ ነው። የመለስኩ እኔ ነኝ ያለኝ አንድ ሰው አላገኘሁም። ካላስታወሱ አላስታውስም ይበሉኝ፣ ቅር አይለኝም። ያላስታወሱትን ግን አስታውሳለሁ አይበሉ።"

ምን እንደምትጠይቀኝ ገባኝ። እኔ በዚህ ከተማ ልጅቷን ያስገባት ሰው ነኝ፤ ሌላ ማዕረግ የለኝም። እሱን ልትወስድብኝ ነው የመጣችው። ሊወሰድብኝ ይገባ እንደሆን ደግሞ እኔው ራሴ አላውቅም። ተናደድኩባት፣ ወዲያው አዘንኩላት፣ ከዚያ ሁለቱም ጠፉብኝና "ሳህራ የት ናት?" አልኳት።

"ቀፊራ። የእናቴ ቦታ ላይ።"

"ውሰጂኝ።"

ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ድሮ ይህን መንገድ በእግሬ ስሄድ ሰላምታ ስሰጥና ስቀበል ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። አሁን የማውቀው ፊት ጥቂት ነው፤ ልብስ ሰፊው የነበረበት ጥግ ሞባይል ይሸጥበታል፣ ሙሸበክ የምንገዛበት ደጃፍ በላሜራ ታጥሯል። ድልድዩን ስንሻገር ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኢፍራህ ክፍል ውስጥ እያለች ወረቀት ሲታደል ሁልጊዜ ሁለት ነበር የምትጠይቀው። "ሁለት ስጠኝ ጋሼ" ትላለች፣ እኔም ስግብግብ ናት ብዬ አንድ ቀን አስነሥቼ አቁሜያታለሁ። ይህን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

"ለሳህራ ነበር። ያስተማርከኝን ቤት ሄጄ ላስተምራት" አለችኝ፤ አንቱታው መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ወድቋል። "እሷ ግን ወረቀቱን እርድ ቋጠረችበት።"

ቀፊራ እንደሁልጊዜው ነው። እህሉ፣ ሽንኩርቱ፣ ጋሪው፣ ጩኸቱ። ሳህራ ከቅመም ጆንያዎቿ መሀል ተቀምጣ ለአንዷ በሶማሊኛ፣ ለሌላዋ በኦሮምኛ፣ ለሦስተኛዋ በአማርኛ እየመለሰች ትመዝናለች። ቀና ስትል ደነገጥኩ። የኢፍራህ ፊት ነው፣ ፀሐይ የበላው። ዓይኖቿ ግን፣ እነዚያ ከሰው ፊት ላይ የማይነቀሉት ዓይኖች፣ የኢፍራህ አልነበሩም። የእሷ ነበሩ። ይህን ያህል ዘመን በየሰው ቤት ሳወራቸው የኖርኩት ዓይኖች እዚህ፣ ከቤቴ በባጃጅ ትንሽ በሚያስኬድ ቦታ፣ ቅመም ሲመዝኑ ኖረዋል።

"አቦ ጋሼ፣ አርጅተሃል!" አለችኝና ጆንያ ገፍታ ቦታ አበጀችልኝ። "ና፣ ቁጭ በል። ናያ ኢፍራህ፣ ያንን ካሜራሽን ከበርበሬው ላይ አንሺ።"

ተቀመጥኩ። ኢፍራህ ካሜራዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። መግቢያ ማግኘት አልቻልኩም፤ ቀጥታ ጠየቅኳት። "ሳህራ፣ ምዝገባ የመጣሽ ቀን ክርንሽን ገፋሁልሽ ወይስ መለስኩሽ?"

"ወላሂ፣ ክርኑን አላስታውስም" አለች፣ እጇ ከእርዱ ሳይወጣ። "ትልቅ ሰዓት አድርገህ ነበር። እሱን ሳይ ነበር። ሲያበራ! ከዚያ ከእናቴ ጋር ወደዚህ መጣሁ። በሚቀጥለው ዓመት እናቴ ሚዛኑን የሚይዝላት ሰው አጣች። ኻላስ።"

"ተቀይመሽኛል?"

"በማን ልቀየም? ሥራ ነበረኝ።" አንዷን ደንበኛ ሸኘችና ወደ እኔ ዞረች። "አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ይህቺን አርባ ዓመት ሙሉ ጠየቅኳት፣ ረሳሁት ትለኛለች። መጽሐፍ ሙሉ ስትጽፍ አይጠፋባትም፣ ይሄ ጠፋባት። እኔ እዚህ ስመጣ እነሱ ውስጥ ገቡ አይደል? የመጀመሪያው ቀን ምን አስተማርካቸው?"

ሀ ሁ ልላት ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የሚያምር መልስ ነው፣ ካሜራውም ይወድደዋል። ደግሞ ሌላ ታሪክ ልፈጥር ነው ብዬ አፈርኩ። የማስታውሰውን፣ በየዓመቱ ስላደረግኩት እርግጠኛ የሆንኩበትን ነገር ነገርኳት።

"የመጀመሪያ ቀን ምንም አናስተምርም። ስም ነው የምንጠራው። የተጠራው 'አቤት' ይላል። ያልመጣ ካለ ልጆቹ 'የለም' ይላሉ፣ እንደዚያ እንጽፋለን። ከዚያ ደወል ይደወልና ወደ ቤት።"

"ስም ብቻ?"

"ስም ብቻ።"

ሳህራ ሳቀች። ረጅም ሳቅ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ግን ሳቅ መሆኑ አጠራጠረኝ። ለእህቷ በሶማሊኛ አንድ ነገር ተናገረች። አልገባኝም፤ ኢፍራህም አልተረጎመችልኝም።

"እስቲ ጥራኝ" አለችኝ።

ተነሣሁ። አስተማሪ ቁጭ ብሎ ስም አይጠራም። የአባቷን ስም በእህቷ መጻሕፍት ሽፋን ላይ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ከነአባቷ ስም ጠራኋት። ድምፄ ያ የድሮው፣ የክፍሉ ድምፅ ሆኖ ወጣ፤ ሽንኩርት የሚመርጡት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ሳህራ እነዚያን ዓይኖቿን ፊቴ ላይ ተክላ ቆየች። አቤት አላለችም።

"'የለችም' በል" አለችኝ ቀስ ብላ። "'የለችም' ብለህ ጻፍ።"

ከዚያ ሚዛኗን አነሣችና ወደ ቀጣይዋ ደንበኛ ዞረች።

ኢፍራህ ካሜራዋን ጭኗ ላይ አውርዳ መነጽሯን ትጠርግ ነበር። ደህና ሁኑ ብዬ መሄድ እችል ነበር፣ ማንም አይዘኝም። አላስታውስም ማለትም እችል ነበር፤ ውሸትም አይሆንም፣ ይህን ስጽፍ እንኳ አላስታውስም። ያ ክርን የማን እንደነበር እስክሞት የማውቀው አይመስለኝም።

"አንሺው" አልኳት።

ካሜራዋን አነሣችው።

"ያስቀረኋት እኔ ነኝ።"